ለኪራይ የተላኩ ሽማግሌዎች

ድሮ በከተማችን በመካነ ሰላም ኪራይ መጨመር እንደ ነውር ነበር። አከራይቱ ደጃችሁ ላይ ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች፤ ስለ ዝናቡ ታወራለች፣ የልጆቹን ጤና ትጠይቃለች፣ እፍኝ ጎመን ታቀብላለች፤ የመጣችበትን ሳትናገር ትሄዳለች። እኛም ገብቶን ዝም ነው። በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት ተኖረ መሰላችሁ?

ይህን ደግ ወግ ያበላሹት ዐረብ አገር የሄዱ ልጆችና የመንገድ ሥራ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ በላኩት ብር ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ። የመንገድ ሰዎቹ ደግሞ የተጠራውን ዋጋ ሳይከራከሩ ከፍለው ይገባሉ። ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ለሰፈር አይበጅም፤ መቼም ይሄ የኔ ሐሳብ ነው።

የአስካለና የኔ ቤት ጀርባ ለጀርባ ነው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ ‘ይማርሽ’ እላታለሁ። በእመት ዘሀራ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ተከራይታ፣ በርበሬ እየቸረቸረች አንዲት ሴት ልጅ አሳድጋለች። ታዲያ አንድ ቀን እመት ዘሀራ መጡና ኪራዩ ሦስት እጥፍ መሆኑን፣ ካልሆነ በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት። እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አላደረግኩም፤ ግድግዳው ነው ወደ ጆሮዬ የመጣው።

ከለቀቀች መግቢያዋ ከላላ ወረዳ፣ ገጠር ያለው ወንድሟ ዘንድ ነው፤ የልጅቷም ትምህርት በዚያው ይቀራል። አስካለ አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ በርበሬዋን ትሰፍር ጀመር። እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል፣ ለደም ይላካል፣ ለኪራይ ማን ከለከለ አልኳት። እመት ዘሀራ የሚያፍሯቸውን ሼህ ይማምን መረጥን። ሁለተኛውን እኔ ነኝ የጠቆምኩት፤ የራሴን አከራይ፣ መሪጌታን። በአሥራ ሁለት ዓመት አንዲት ሳንቲም ጨምረውብኝ አያውቁም። ደግነት ነው እያልኩ አወራላቸዋለሁ፤ እውነቱ ግን ከጾሙና ከበዓሉ በቀር የዓለሙ ነገር አይደርሳቸውም።

ሽማግሌዎቹ ሄደው እመት ዘሀራን እዚያው አስካለ ቤት አነጋገሯቸው፣ እኔም ግድግዳዬ ሥር ተቀመጥኩ። ሼህ ይማም ዱዓ አድርገው ስለ ጉርብትና ተናገሩ። እመት ዘሀራም፣ ወላሂ ክፋት አይደለም፣ ልጄ በሰው አገር ተሰቃይታ ያሠራችው ቤት ነው፣ እስቲ የሌላውን ጠይቁ ብለው የሰፈሩን ኪራይ ቤት በቤት ዘረዘሩ። መሪጌታ መሀል ገብተው፣ ያቺ ጣራዋ የሚያፈሰው ቤትም ይህን ያህል ታወጣለች ወይ አሉ። እሷም ታወጣለች አሉ እመት ዘሀራ። ሽንት ቤት ሳይኖራት? ሳይኖራት። እኔ ከወዲህ፣ መሪጌታ እንዴት ያለ ተሟጋች ኖረዋል እያልኩ አደንቃለሁ።

በመጨረሻ ጭማሪው በግማሽ ተቀነሰ። አስካለ በቤቷ ረጋች።

በሳምንቱ የኔ በር ተንኳኳ። ሼህ ይማም ናቸው፤ ከኋላቸው አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች። መደቡ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሼሁ መርቀው ሲያበቁ፣ መሪጌታ እፍረት ይዟቸው ነው እንጂ ራሳቸው በመጡ ነበር፣ ለእመት ዘሀራ የተወሰነው ጭማሪ ለእሳቸውም ይሁንላቸው ብለው ልከውናል አሉ።

አስካለን ዞር ብዬ፣ ሴት ሽማግሌ ሆና ሳይ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ አልኳት። ምን ላድርግ እቴ፣ ለኔ ደጅ የጠኑ ሰው ላኩኝ፣ በየት አፌ እምቢ ልበላቸው አለች፤ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ።

መቼም ሽማግሌ በመጣበት ቀን መልስ አይሰጠውም። እኔም ወጉን ጠብቄ፣ ኮስተር ብዬ፣ ዘመድ ላማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አልኳቸው። ሼህ ይማም ደግ ብለሻል ብለው ወጡ። አስካለ ግን ከመደቡ አልተነሣችም። በዚህ ከተማ ከእሷ ሌላ የማማክረው ዘመድ እንደሌለኝ ታውቃለች።