የማይሞተው ሻለቃ በደብረ ታቦር

ሰፊው ሕዝብ ለኪነ ጥበብ ያለው ፍቅር ወሰን የለውም፤ አልፎ አልፎ ግን መግለጫው ይጠፋበታል። ከወዳጅ አገር በእርዳታ የተላከው «የማይሞተው ሻለቃ» የተባለ የጦርነት ፊልም በዋና ከተማው ሲታይ፣ የመብራቱን ወጪ እንኳ ሳይሸፍን ከአዳራሽ ወረደ። ስለዚህም ለክፍለ ሀገር ሕዝብ ንቃት እጅግ ጠቃሚ መሆኑ ታመነበትና፣ ከነማሳያ መሣሪያው ተጭኖ ለአንድ ሳምንት ደብረ ታቦር ገባ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አስረስ ድምፅ ማጉያ በመኪና አስጭነው ከተማውን ዞሩ። «የጀግና ፊልም በነጻ ይታያልና ወጣቱ በሙሉ ወደ አዳራሽ ይምጣ» አሉ። ጥሪው ወዲያው ውጤት አስገኘ። ባለፈው ወር ወጣቱ በዚሁ አዳራሽ ለኳስ ቡድን ምርጫ ተብሎ ተጠርቶ፣ የመጣው ሁሉ ከዚያው በካሚዮን ወደ ጦር ማሠልጠኛ ተሸኝቶ ነበር። ድምፅ ማጉያው ገና ገበያውን ሳያልፍ የከተማው ጎረምሳ ግማሹ እብናት ዘመድ ሊጠይቅ፣ ግማሹ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊታከም ወረደ። በዚያ ሳምንት ወንዛዬ ላይ ቁርጥማት የያዘው ሁሉ ጢም ያላበቀለ ነበር።

ዓለሚቱም ልጃቸውን ቁርጥማት ካስያዙት እናቶች አንዷ ናት፤ ሞላ አንድ ልጇ ነው። ሰማይ ሲጠራ በረዶ፣ ልጇ ሲስቅ ሳል የሚታያት ሴት ናት። ልጁን ወንዛዬ አክስቱ ዘንድ ከላከች በኋላ፣ ከቤቱ ሁለት ሰው መቅረቱ ያስጠረጥራል ብላ ራሷ ፊልም ልታይ ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ጓድ አስረስ፣ ፊልም አሳዪው ጌጡና አንዲት የሴቶች ማኅበር አባል ብቻ ነበሩ። ዓለሚቱ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ ነጠላዋንም ለሩጫ እንዲመቻት አደግድጋ ታጠቀች።

ሻለቃው በአንድ ሽጉጥ አንድ ጦር ፈጀ። ጥይት ሲያልቅበት ኮፍያውን ወርውሮ አውሮፕላን ጣለ። ከገደል ወድቆ ተነሣና ፀጉሩን አበጠረ። የሴቶች ማኅበሯ አባል አንቀላፋች፤ ጌጡ ራሱ ፊቱን አዞረ። ዓለሚቱ ግን ቀስ በቀስ ነጠላዋን ፈታች። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ኖራ፣ ክፉው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶበት አንዲት ቁልፍ ያልተበጠሰችበት ሰው አየች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በማግስቱም ሄደች። ስትመለስ ጎረቤቷ ጥሩወርቅ ደጅ ላይ ጠበቀቻት።

«ምነው ዓለሚቱ፣ ስብሰባ ወደድሽ?»

«ስብሰባ አይደለም አንቺ። ሰውዬው ድልድይ በትከሻው ደግፎ ባቡር አሳለፈ።»

«ድልድይ?»

«ሙሉ ድልድይ። ከዚያ ሲጋራ ለኮሰ።»

«እናስ፣ አላፈሱም?»

«ማንን ያፍሱ? እኔንና ጌጡን?»

ጥሩወርቅ ይህን በየቤቱ አዳረሰችው። ሌላ ሰው ደህና ነው ቢል የሚያምን አልነበረም፤ ዓለሚቱ ደህና ነው ካለች ግን በእርግጥ ደህና ነው ተባለ። ወሬው ወንዛዬ ሲደርስ ቁርጥማቱ ሁሉ በአንድ ቀን ለቀቀ። ሞላም መጣ።

«እማ፣ እውነት በኮፍያ ነው አውሮፕላኑን የጣለው?»

«አሁን ታየው የለ» አለችው፤ እጁንም ይዛ ወሰደችው።

እናት ሁሉ ልጇን አስከትላ መጥታ አዳራሹ ጢም አለ። ጓድ አስረስ «ኪነ ጥበብ ወጣቱን ከያለበት የመሰብሰብ ታላቅ ኃይሏን ዛሬ በዓይናችን አየን» ሲሉ ንግግር አደረጉ። ፊልሙ ተጀመረ። ሻለቃው ኮፍያውን ሲወረውር ሞላ እየሳቀ እናቱ ትከሻ ላይ ተደገፈ። ሲስቅ ልታየው ዞር ስትል፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መሣሪያቸውን ይዘው በየበሩ ቆመዋል። ውጭ የካሚዮን ሞተር ይንተከተካል።

አጎንብሳ ወደ ሊቀ መንበሩ ሄደች።

«ጓድ አስረስ፣ ምንድን ነው ይህ?»

«አይስጉ እናቴ። ፊልሙ እስኪያልቅ ማንንም አንነካም፤ ባህል የምናከብር ሰዎች ነን።»

«ሲያልቅስ?»

«ሲያልቅ እናቶች በዚህኛው በር ይወጣሉ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለቅስቀሳው ግን ቀበሌው ያመሰግንዎታል።»

ሻለቃው ለመጨረሻ ጊዜ ከገደል ዘለለ። ጌጡ መብራቱን ሊያበራ እጁን ሲዘረጋ ዓለሚቱ ከመካከል ተነሣች።

«ድገምልን» አለችው።

ጥሩወርቅ ልጇን እንዳቀፈች «ይደገም» አለች። የቀሩት እናቶችም ተከተሉ። ጌጡ ጓድ አስረስን አየ፤ እሳቸውም የሰፊውን ሕዝብ ጥያቄ መግፋት እንደሚያስጠይቅ ያውቃሉና ፈቀዱ። ሲያልቅም እንደገና ተጠየቁ። ካሚዮኑ ነዳጅ እየፈጀ ጠበቀ፤ በመጨረሻ ግን የጌጡ መሣሪያ ግሎ ቆመ።

ፊልሙ በደብረ ታቦር ስላገኘው አቀባበል ለበላይ አካል የቀረበው ሪፖርት የሚለው ይህንን ነው፦ «በሌላ ስፍራ ተመልካች ያጣው ይህ ፊልም በእኛ ዘንድ የእናቶችን ልብ በእጅጉ ከመንካቱ የተነሣ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እያለቀሱ እንዲደገምላቸው ጠይቀዋል። ወጣቶቹም ወደ ቤታቸው እንኳ ሳይመለሱ፣ በዚያው ዕለት የማይሞተውን ሻለቃ ፈለግ ተከትለው ዘምተዋል።»