አቶ ይበልጣል ዲፈረንሻል ሲመርጡ

ለመሆኑ እውቀት የበዛበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ቢቸና ሹፌር ሆኜ ስሠራ አለቃዬ ነበሩ፤ አቶ ይበልጣል ይባላሉ።

መሥሪያ ቤታችን ያለችው አንዲት ፒካፕ ናት፤ የገጠር ታማሚ የምታመላልሰውም እሷው ነች። ክረምት ሲገባ፣ ዋልካ ጭቃ ላይ አንዱ የኋላ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ ያየዋል።

“ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያዞር የዲፈረንሻል መቆለፊያ ይገዛልን” አልኳቸው።

“ይገዛል! ግን የትኛው? በአየር የሚሠራው ቱቦው ቢቀደድስ? በኤሌክትሪክ የሚሠራው ውሃ ቢገባውስ? ራሱን በራሱ የሚቆልፈው ደግሞ መሪ ያከብዳል።”

እውነታቸውን ነው። አገሩ የቅኔ አገር አይደል? አንዲት ቃል ሲያገላብጥ የሚከርም ተማሪ ይከበራል፤ እሳቸውም ሦስት ክረምት አገላበጡ። ማን ይነቅፋቸዋል? እኔ እንደሆንኩ ሹፌር ነኝ።

በአራተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ምጥ የጠናባት ሴት በሞጣ መንገድ በቃሬዛ እየመጣች ነው ተባልንና ልንቀበላት ወጣን። አቶ ይበልጣልም “ችግሩን በዓይኔ ልየው” ብለው አብረውኝ ሄዱ።

አዩት። አንዱ ጎማ ተሽከረከረ፤ ሌላው ቆመ። ጭቃው ውስጥ እንዳለን ተሸካሚዎቹ ደረሱብን።

“ጌታው፣ መኪናይቱ እስክትወጣ እንጠብቅ ወይስ ይዘናት እንለፍ?” አላቸው ባልየው።

“ቆይ፣ ሁለቱንም እንመዝነው” አሉ።

እሳቸው ሲመዝኑ የሴትዮዋ ጩኸት ቆመ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አነሡ፤ ወደ ሐኪም ቤት ግን አልሄዱም፤ ወደ መጡበት ዞሩ።

አቶ ይበልጣል የተሸካሚዎቹን ጀርባ እያዩ፣ “በአየር የሚሠራው ይሁን” አሉ።