የኦቦ ዋሪዮ ሦስት ገንዳ

ነገሌ መናኸሪያ ሄዳችሁ «ይሄ መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሲሞላ» ትባላላችሁ። እናንተ የፈለጋችሁት ቁጥር ነበር፤ የተሰጣችሁ ቃል ነው። ግን ልብ በሉ፣ መልሱ ውሸት የለበትም። መኪናው እውነትም የሚነሳው ሲሞላ ነው። «ሁለት ሰዓት» የሚላችሁ ሰው ካለ የዋሸው እሱ ነው። እስከ ቡሌ ሆራ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ብትጠይቁም «ለምሳ ትደርሳላችሁ» የሚላችሁ አታጡም። እኔ እዚህ ተወልጄ፣ በዚህ ዓይነት መልስ አድጌ ሳለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ የማይታገስ የኮምፒውተር ቋንቋ መማሬ የማንም ጥፋት አይደለም። የራሴ ነው።

ቋንቋው ጎ ይባላል። «እዚህ ቦታ ቁጥር ይገባል» ብላችሁ አንዴ ከነገራችሁት፣ ከቁጥር በቀር ሌላ ብታመጡለት ወረቀታችሁን ገፍቶ ይመልስላችኋል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ስለሆነ ይሄ ጠባይ ገና ከመጀመሪያው ተስማማኝ።

ታዲያ የከብት ክትባት የሚያዳርስ አንድ መሥሪያ ቤት ቀጠረኝ። በሊበን ገጠር የሚዞሩ ሠራተኞች በስልካቸው የመዘገቡት ሁሉ በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚነጋገርበት መስኮት፣ ወደ እኔ ይመጣል። የሚመጣበት የአጻጻፍ ሥርዓት ጄሰን ይባላል፤ የጥያቄው ስም ይጻፍና መልሱ ከጎኑ ይቀመጣል። የእኔ ፕሮግራም ያንን አንብቦ ለማን ስንት ብልቃጥ ክትባት እንደሚጫን ዝርዝር ያወጣል። ቀላል ሥራ ነው ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

«ከብት» ከሚለው ጎን የመጀመሪያው ሰው 12 ይላል። መልካም። የሁለተኛውም 12 ነው፣ ግን በትእምርተ ጥቅስ ታጅቦ መጥቷል፤ ለጎ ደግሞ በጥቅስ የታጀበ ነገር ቃል እንጂ ቁጥር አይደለም። ሦስተኛው ባዶ ነው። አራተኛው ላይ «ሦስት ገንዳ» የሚል ተጽፏል። ሦስት ገንዳ! ፕሮግራሜ ስህተት ነው ብሎ ቀጥ አለ።

ተናደድኩ። የተናደደ ሰው የሚሠራውንም ሠራሁ፦ ቁጥር ያልሆነውን ሁሉ ዝለለው አልኩት። ባዶ ሆኖ የመጣውን ጎ ራሱ ዜሮ ብሎ ያዘው፣ እኔም ዝም አልኩ። ዝርዝሩ ተበጥሮ እንደ ተጎነጎነ ፀጉር አምሮ ወጣ።

ማክሰኞ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ጫልቱ ዝርዝሩን ልታይ ቢሮ መጣች። መኪናው የሚወጣው ሐሙስ ነው። እስከ ታች ካነበበች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኦቦ ዋሪዮ የት ሄዱ?»

«ባለ ሦስት ገንዳው? ፕሮግራሙ ዘሏቸዋል» አልኳት፣ ፕሮግራሙን ጎረቤት የሠራው ይመስል።

«አባ ሰንጋ እኮ ሰፈራቸው ገብቷል! የጎረቤታቸው ላሞች ሞተዋል። ሐሙስ ካልደረስንላቸው ዝናቡ መንገዱን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ የምንወጋው ከብት አናገኝም።»

«ቁጥሩን አምጪልኝና ላስገባቸው።»

ሳቀች። «ራስህ ና ጠይቃቸው።»

እልኸኛ ነኝ፤ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት በአይሱዙ ተጭነን ወረድን። ኦቦ ዋሪዮ ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ፣ በጭቃ ከተሠራው የከብት ማጠጫ ገንዳ ጎን ቆመው ነበር። አካም፣ ናጋ፣ ሰዉ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ሣሩ ናጋ፣ ሁሉ ሰላም ተባባልን። ሰላምታው ሲያልቅ ብዕሬን አወጣሁ።

«ኦቦ ዋሪዮ፣ ከብትዎ ስንት ነው?»

ጫልቱን ገልመጥ አደረጓት፣ ይሄን ማን አሳደገው እንደማለት። ከዚያ ለእኔ አዘኑልኝ መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የከብት ቁጥር በአፍ አይጠራም። ክፉ ያመጣል። መርፌው የሚወጋው ቁጥሩን ነው ላሟን?»

«ታዲያ ስንት ብልቃጥ እንጫን?»

«ነግሬያችሁ የለ! ሦስት ነው» አሉና ገንዳውን በበትራቸው ነካ አደረጉት። «ሦስት ጊዜ ይሞላል፣ ከብቴ ጠጥቶ ይሄዳል።»

በመመለሻችን ጫልቱ ነገሩን አፍታታችልኝ። እዚያ ጉድጓድ ላይ አንድ ገንዳ ውኃ ምን ያህል መንጋ እንደሚያረካ እሷም እረኞቹም ያውቁታል፤ ለአንድ ገንዳ ከብት ሁለት ብልቃጥ እንደሚበቃም ወግታ ወግታ ለምዳዋለች። ለዓመታት ስታከፋፍል የኖረችው በዚሁ ነው። ሰውየው ሙሉ መልስ ሰጥተው ነበር። ጎደሎው የእኔ ጥያቄ ነው። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ያንን የንዴት ሥራዬን ነቅዬ ጣልኩት። ለ«ከብት» ብቻ የሚሆን የራሴን የመልስ ዓይነት ሠራሁለት፤ ጎ ይሄን ይፈቅዳል፣ እኔ ነኝ ሰንፌ የነበርኩት። አሁን የመጣውን ሳይፈርድበት በጥሬው ይቀበላል። ከዚያ የመጀመሪያዋን ምልክት አየት ያደርጋል። አኃዝ ከሆነች ቁጥር ነው። ጥቅስ ከሆነች ከፍቶ ውስጡን ያያል፤ ቁጥር ካገኘ ይወስደዋል፣ ገንዳ ካገኘ በሁለት ብልቃጥ ያባዛል፣ የማያውቀው ቃል ከገጠመው ከነባለቤቱ ስም ለጫልቱ ይልከዋል። ባዶው ባዶ ሆኖ ይቆያል፣ እሱም ወደ ጫልቱ ይሄዳል። ዜሮ ማለት ከብት የለውም ማለት ነዋ፤ ባዶ ግን አልነገረንም ማለት ነው። ከእንግዲህ አንድም ስም በዝምታ አይዘለልም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ፀሐይ ሳትገባ ዝርዝሩ እንደገና ወጣ፤ ኦቦ ዋሪዮ፣ ስድስት ብልቃጥ።

ሐሙስ መኪናው ስንት ሰዓት ተነሳ ብትሉኝ፣ ሲሞላ ነው።

አርብ ጫልቱ ደወለች። የኦቦ ዋሪዮ መንጋ አንድ ሳይቀር ተወግቷል። ደስ ከማለቴ የተነሳ አፌን አዳለጠኝና «ስንት ሆኑ?» አልኳት።

«ናጋ ናቸው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የኦቦ ዋሪዮ ከብት ቁጥር ዛሬም ፕሮግራሜ ውስጥ የለም። ከብቶቹ ግን አሉ።