ምርቃና ያሻሻለው ደንብ

ሥራ ሳይሠራ የሥራ ደንብ የሚያሻሽል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ድሬዳዋ ብቅ በሉና ሙክታርን ላሳያችሁ።

ማንም በነፃ የሚጠቀምበት አንድ የኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ፤ ለእሱ በበጎ ፈቃድ የምንሠራ ልጆች ነን። እኛ ፕሮግራሞቹ በቀላሉ እንዲጫኑ ፓኬጅ አድርገን እናዘጋጃለን፤ ሙክታር ፓኬጁ ምን መምሰል እንዳለበት ደንብ ያወጣል። እሱ ራሱ አንድም ፓኬጅ ሠርቶ አያውቅም! ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ሲመረቅን ደንቡ ይሻሻላል።

ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በዋሂል የሚያስተምሩት መምህርት ፋጡማ የፈተና ማዘጋጃ ፕሮግራም ለመኑኝ። ፓኬጁን ሠርቼ እንዲያጸድቀው ለሙክታር ላክሁ።

«አቦ፣ ይሄማ በአሮጌው ደንብ ነው» አለኝ ሙክታር።

«አሮጌው የቱ ነው?»

«የትናንቱ ነዋ!»

አስተካከልኩ። በማግስቱ የፋይሎቹ አቀማመጥ ተቀየረ። እሱንም አስተካከልኩ። ደግሞ የመግለጫው አጻጻፍ ተቀየረ። መርቅኖ ያወጣውን ደንብ ጠዋት እሱ ራሱ አያስታውሰውም፤ እኔ ግን እታዘዘዋለሁ። በመጨረሻ መምህርቷ ታከታቸውና ፈተናውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉት።

ይህን ስነግረው ያፈረ ይመስላችኋል? ጉንጩን እንደወጠረ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ተጠቃሚ የሌለው ፓኬጅ ይሰረዝ የሚል ደንብ ያስፈልገናል» አለ።

ደንቡን እዚያው ጻፈ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜም ያወጣውን ደንብ ሳያሻሽል ሥራ ላይ አዋለው፤ የእኔን ፓኬጅ ሰረዘው።