ማንም ያላየው ፎቶ

ድሮ ፎቶ መነሳት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። ፀጉር ይበጠራል፣ ኮት ከጎረቤት ይለመናል፣ ግድግዳ ላይ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆመን ፎቶ አንሺው «እንዳትንቀሳቀሱ!» ሲለን ትንፋሻችንን ውጠን እንደርቃለን። ከሳምንት በኋላ የምትመጣውን አንዲት ፎቶ አልበም ውስጥ ከትተን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጭኑ ላይ እናስቀምጥለታለን። ወደደም ጠላም ያያል። ዛሬ ነገሩ ተገለባብጧል። እዩልን ብለን የምንለጥፈውን ማንም ዞር ብሎ አያይልንም፤ እንዳይታይብን የደበቅነውን ግን አገር ያየዋል።

ኔትወርኩም ያግዛል። የከተማችን የሚዛን ኔትወርክ ዝናብ ሲያይ ተጠቅልሎ የሚተኛ ፍጡር ነው። የተማሪ ውጤት ልክፈትበት ብዬ ግማሽ ቀን ያስጠበቀኝ ጊዜ አለ። የሰው ገመና ሲሆን ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ክንፍ ያወጣል።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ከወፍራም ድምፆቹ አንዱ ስሆን፣ ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬም የሽማግሌዎቹን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ይህን ሁሉ መዘርዘሬ፣ የማወራላችሁን ወሬ ከየት አመጣኸው እንዳትሉኝ ነው። ባለታሪኳም አውራው ብላኛለች። «ስሜን ብቻ ቀይርልኝ» አለችኝ። ቀየርኩላት፤ ማርታ እንበላት።

ማርታ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የመዘምራኑን ጋዋን ሁሉ የሰፋችውም እሷ ናት። ስፒል በከንፈሯ ነክሳ መሳቅ የምትችል ሴት ከእሷ ሌላ አላየሁም።

ዮናስ የሚባል እጮኛ ነበራት፤ ቴፒ፣ አንድ የቡና እርሻ ውስጥ ሾፌር ነው። ቴፒ ሩቅ አይደለም፤ ለተዋደደ ሰው ግን የክረምቱ ጭቃ ሩቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ፍቅራቸው ስልክ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የፊቷን ፎቶ ለመናት፤ ላከች። ቀጥሎ በአዲሱ ቀሚስ አላት፤ ላከች። ቀጥሎ እስኪ ያለ ሹራቡ አላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ልብሱ አለቀ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ፎቶዎች ሲላኩ «ከእኔ ዓይን አይወጣም» ብሎ ማለላት።

አሁን እናንተ «ምን ነክቷት ነው?» ትላላችሁ። ምንም አልነካትም። አፈቀረች። ያፈቀረ ሰው ደግሞ ስልኩ የሁለት ሰው ብቻ ይመስለዋል።

ኋላ ዮናስ ቴፒ ሌላ ሴት እንዳለችው ተሰማ። ማርታ ቀለበቱን መለሰች፣ ፎቶዎቹንም አጥፋ አለችው። መናኸሪያ ድረስ መጥቶ፣ ዓይኗ እያየ፣ አንድ በአንድ አጠፋቸው። ግን ስልክ የሚሉት ነገር ባለቤቱ ሳያስበው የፎቶውን ግልባጭ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል፤ ቦታውንም ደመና ይሉታል። በእኛ አገር ደግሞ ደመና መች ጠፍቶ ያውቃል!

ወራት አለፉ። ሁለተኛይቱ ሴት ዮናስን ጥላው ሄደች። ወዲያው ለማርታ «ተመለሽልኝ» ብሎ ጻፈላት። እምቢ አለች። ሁለተኛ ጻፈ፤ «እሺ ካላልሽ ፎቶዎችሽን ለመዘምራኑ ግሩፕ ነው የምለቀው። እስከ እሑድ አስቢበት።»

የመዘምራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ማለት ስሙ ነው እንጂ የሌለበት ሰው የለም። መጋቢው አለ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ የማርታ አክስቶች አሉ፣ አንድም ቀን ዘምረው የማያውቁ የጎረቤታችን የአማን ከተማ ነጋዴዎች አሉ።

ማርታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ያን ሰሞን አንዱ ተማሪ እሷ የሰፋችለትን፣ ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ሸሚዝ ለብሶ ክፍሌ ገባ፤ እኔም ምክንያቱን ሳላውቅ ሳቅኩ። እሷ ግን ያን ጊዜ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አውጥታ ነበር። «ወደ ቴፒ ልሄድለት ነበር» አለችኝ ኋላ። «ሹራቤን ሁሉ አጣጥፌ ጨርሻለሁ። ከማፈር ከእሱ ጋር መኖር ቀለለኝ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣውን እዚያው ትታ በባጃጅ አማን ወረደችና ለእናቷ ነገረቻቸው። እናትየው ጭናቸውን መቱ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። በመጨረሻ ምርር ብለው፦

«ስንት ለፍቼ ልብስ ሰፊ ያደረግኳት ልጅ፣ ልብስ አጥታ ፎቶ ትነሳ!» አሉ።

ማርታ ሳቋ አመለጣት። እናትየው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሁለቱም እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ከዚያ እናት ጫማቸውን ማድረግ ጀመሩ።

«አገር አንድ ሰሞን ያይሻል፤ ይሰለቸዋል። ያ ሰውዬ ግን ዛሬ በዚህ ካስፈራራሽ ዕድሜሽን ሙሉ ነው የሚያስፈራራሽ። ተነሺ፣ ፖሊስ ጋ እንሂድ።»

ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለቻቸው አንዲት ሳጅን ናት። ማርታ ፎቶዎቹን ልትከፍት ስትል ሳጅኗ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው። «እሱን ማየት አያስፈልገኝም። የጻፈልሽን ማስፈራሪያ ነው የምፈልገው። እንዳታጠፊው፤ መልስም አትስጪው።» ማርታ ያን ዕለት ከሰማችው ሁሉ ይህ ነው ያስለቀሳት።

ቅዳሜ ከሰዓት መዘምራኑ ለልምምድ ተሰበሰብን። መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ማርታ ተነስታ ፊታችን ቆመች። አንገቷ ቀጥ ብሏል።

«ነገ የእኔ የእርቃን ፎቶ ግሩፑ ላይ ሊመጣ ይችላል። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ላገባው ለነበረ ሰው ነው የላክሁት። ያለ ፈቃዴ የሚበትነው ግን ሌባ ነው፤ ለፖሊስም ነግሬያለሁ። አንድ ነገር ልበላችሁ። እዚህ ያላችሁትን ሁላችሁንም ለክቻችኋለሁ። የማን ሆድ ስንት እንደሆነ፣ ማን ትከሻው ላይ ስፖንጅ እንዳስጨመረ፣ ማን ደግሞ ሆድ መያዣ ቀበቶ ውስጥ ለውስጥ እንዳሰፋ፣ ሁሉም ደብተሬ ላይ አለ። ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እናንተም እንደዚያው አድርጉልኝ።»

እኔ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ከሴቶቹ ወንበር አንዷ ተነስታ አቀፈቻት፤ ከዚያ ሌላዋ። ያን ቀን ልምምዱ ጥሩ አልነበረም፤ ግማሹ እያለቀሰ ነው የዘመረው።

ዮናስንም እጮኛዋ ሳለ ከገባበት ግሩፕ ወዲያው አስወጣነው። ተንኮል ግን ስም አያጣም። በማግስቱ በሌላ ቁጥር፣ «የጌታ ባሪያ» የሚል ስም ይዞ ገባ። እንዲህ ያለውን ስም ማን ይጠረጥራል? ከአምልኮ ወጥተን ምሳ ላይ እንዳለን ሦስቱን ፎቶ አከታትሎ ለቀቃቸው። ከሥሩ የመጀመሪያውን መልስ የጻፉት እማማ ወለቴ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግሩፑ ላይ የመጣውን ሁሉ ጥቅስ ነው ብለው አምነው ነው የሚመልሱት።

«አሜን፣ አሜን፣ አሜን» አሉ።

የመዘምራኑ መሪ ፎቶዎቹን አጠፋች፤ ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅበት ያህል ጊዜ እዚያው ነበሩ።

ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ እኔም እስክሪብቶዬን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። ስብሰባው የተከፈተው በጸሎትና በመሐላ ነው። አምስቱም ተራ በተራ «እኔ አላየሁም» አሉ። ጻፍኩ። አንደኛው ስልኬ ተዘግቶ ነበር አለ፤ ሌላው ካርዴ አልቆ ነበር አለ። እሱንም ጻፍኩ። ከዚያ ማንም ስላላየው ፎቶ ረጅም ውይይት ተደረገና፣ ማርታ ለስድስት ወር ከመዘምራን እንድትታገድ ሐሳብ ቀረበ። ተጠርታ ገባች፤ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ከሽማግሌዎቹ የመከሯት ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ መምከር ብቻ ይወዳሉ።

«እህት ማርታ፣ እኔ ፎቶውን አላየሁም፤ አምላክ ይጠብቀኝ። ግን ሰው ሲሳሳት እንኳ ትንሽ ጥንቃቄ ይኖረዋል። መንገደኛ እያለፈ፣ መጋረጃውን እንዲያ ወለል አድርጎ ከፍቶ…»

«የትኛውን መጋረጃ ጋሼ?» አለች ማርታ፣ በጣም በትሕትና።

«አረንጓዴውን ነዋ!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማኛል። መጋቢው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው የጠፋባቸውን ገጽ መፈለግ ጀመሩ። አንዱ ሽማግሌ ያለ ጉንፋን ሳለ። ማርታ አንድ በአንድ አየቻቸው። እኔም ምን ብዬ እንደምጽፍ ጨንቆኝ ቆይቼ «ስለ መጋረጃ አስተያየት ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። የእግዱ ነገር ያን ቀን ተዘጋ፤ ዳግም ያነሳው የለም። ጋሽ ታደሰ በሳምንቱ ሱቋ ድረስ ሄደው «ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት። ይቅር አለቻቸው፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ በሱቋ በር ሲያልፉ ወደ ማዶ ነው የሚያዩት።

ዮናስ ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በገዛ ጽሑፉ ተፈረደበት። ፎቶዎቹ የት እንዳሉ ግን ማንም አያውቅም። ማን አስቀምጧቸው፣ ማን ለማን አሳልፏቸው ይሆን? ማርታ ራሷ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «አንዳንዴ ደንበኛ ገብቶ ሲያየኝ፣ እኔን ነው የሚያየው ወይስ የፎቶውን ሴት እላለሁ። ከዚያ ሜትሬን አወጣለሁ።»

ይህን ስታነቡ «ቆይ፣ አንተስ አይተሃል?» ማለታችሁ አይቀርም። ከባድ ጥያቄ ነው። ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ያን ዕለት የጠየቀኝ የለም።

ባለፈው ሱሪ ላሳጥር ሱቋ ሄድኩና፣ ስትለካኝ ጎንበስ ባለችበት፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተናዘዝኩ። «ማርታ፣ ያን ጊዜ… አይቻለሁ። ይቅርታ።»

ቀና አላለችም። ስፒሏን በከንፈሯ እንደነከሰች «አውቃለሁ» አለች። «ያን ሰሞን ሰላም ስትለኝ ጣሪያውን ነበር የምታየው።»

ሱሪው በቀጠሮው ቀን ደረሰ። ስለብሰው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሳይደርስ ቀረ። ተሳስቼ ነው አለችኝ፣ ፈገግ ብላ።

አልተከራከርኩም። ለብሼው አስተምራለሁ።