ላቀው ሂሳብ ላለመክፈል ሲለማመድ

ላቀው፦ እጄን ታዲያ ምን ላድርገው? ቆርጬ ልጣለው?

ዮፍታሔ፦ ቁጭ በልበት አልኩህ።

ላቀው፦ በምን ልበላ?

ዮፍታሔ፦ በቀኝህ ብላ። የምትቀመጠው በግራህ ላይ ነው።

ላቀው፦ ቦርሳዬ ያለው በቀኝ ኪሴ ነው።

ዮፍታሔ፦ ወደ ግራ ኪስህ አዙረዋ።

ላቀው፦ የግራው ኪስ ቀዳዳ ነው።

(ዮፍታሔ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይተነፍሳል። በወሰደው ስልጠና ላይ ስትናደዱ እንዲህ አድርጉ ተብሏል።)

አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ መያዣው ትንሽ ገባ ብላ ያለች ጥብስ ቤት ውስጥ ናቸው። ላቀው ሽሮ ሜዳ የሚሸምን ሰው ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ጭንቅላቱ ግን ረጋ ያለ። ዮፍታሔ ድንኳንና ወንበር ያከራያል። ባለፈው ሳምንት «ከገንዘብ ጋር ጤናማ ግንኙነት» የሚባል የግማሽ ቀን ስልጠና ተካፍሎ ከወጣ ወዲህ፣ ጉለሌ ውስጥ ከራሱ በቀር ጤነኛ ሰው ጠፍቶበታል።

የላቀው ጭንቀት ጋሽ ቶማስ ነው፤ የሚስቱ ታላቅ ወንድም። ከጋሽ ቶማስ ጋር በወር በወሩ ምሳ ሊበሉ ይገናኛሉ፣ ሂሳብ ሲመጣ ይያያዛሉ፣ «በሞቴ» ይባላል፣ «እናቴ ትሙት» ይባላል፣ ወንበር ይወድቃል፣ በመጨረሻም ላቀው ያሸንፋል። ችግሩ ማሸነፉ ነው። እህታችንን ለደሃ ሰጠናት እንዳይሉት ብሎ ይከፍላል፣ ከዚያ ወሩን ሙሉ ተበድሮ ይኖራል። ዛሬ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለው ብር የሱ አይደለም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ለልጃቸው የሠርግ ቀሚስ ድርና ማግ ግዛበት ብለው የሰጡት ነው። እሱን ከነካ ቀሚሱ ቀረ፣ ሙሽሪት አለቀሰች፣ የላቀውም ስም ሽሮ ሜዳ ላይ አበቃለት።

ዮፍታሔ ይህን ሲሰማ፣ ጋሽ ቶማስ ከመድረሱ በፊት አድንሃለሁ አለ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ልምምድ አይሆንም ብሎም ጥብስ አዘዘ። ያዘዘው ደረቅ ጥብስ ነው፤ ሁለት።

ዮፍታሔ፦ ስማኝ። ያንተ ነገር ቸርነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ኪስህን የሚያራግፈው «ሰው ምን ይለኛል» ነው። አሁን እኔ ጋሽ ቶማስ ነኝ። «ዛሬ በኔ ነው» ስልህ ምን ትላለህ?

ላቀው፦ እኔ እያለሁማ አይደረግም።

ዮፍታሔ፦ አይደለም። «እግዜር ይስጥልኝ» ትልና ውሃህን ትጠጣለህ።

ላቀው፦ ከዚያስ?

ዮፍታሔ፦ ከዚያ በቃ።

ላቀው፦ ሰውየው ይከፍላል?

ዮፍታሔ፦ ይከፍላል።

ላቀው፦ ይሄን የሚያውቁ ሰዎች አሉ እንዴ?

(ይሞክራሉ። ዮፍታሔ ድምፁን አጎርንኖ «ዛሬ በኔ ነው» ሲል ላቀው ዘሎ አንገቱን ያንቀዋል። የአዋዜው ሰሃን ይደፋል።)

ላቀው እየጠራረገ ይቅርታ ጠየቀ፤ እጁ ራሱ ነው የሄደው እንጂ እሱ አልላከውም። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ ብቻውን መሸከም አልፈለገም።

ላቀው፦ አንተም ጋሽ ቶማስን አትመስልም እኮ።

ዮፍታሔ፦ ምን ጎደለኝ?

ላቀው፦ እሱ ቁጭ ብሎ አይናገርም። ብድግ ይላል። ይምላል። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ላሉትም ካልከፈልኩ ይላል።

ዮፍታሔ፦ ብሩንስ እንዴት ነው የሚያወጣው?

ላቀው፦ እስኪያወጣ መች እጠብቀዋለሁ?

ዮፍታሔ፦ እኔ ግን አወጣዋለሁ። ብር ካላየህ ትምህርቱ አይገባህም።

(ዮፍታሔ ብድግ ይላል። ለድንኳን ሸራ ማሰፊያ የያዘውን ብር ከኪሱ መዥርጦ፣ በአጠገቡ የምታልፈውን አስተናጋጅ አይዳን ክንዷን ይይዛል።)

ዮፍታሔ፦ አይዳ፣ የዚህን ሰውዬ ብር እንዳትቀበይ። እናቴ ትሙት ዛሬ በኔ ነው! የነዚህን የወንድሞቼንም ጨምረሽ ከዚህ ላይ ቁረጪ።

ወንድሞቼ የተባሉት ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ክትፎ የከበቡ የታክሲ ሾፌሮች ናቸው። ዮፍታሔ ከዚህ በፊት አይቷቸው አያውቅም። ላቀው ዓይኑን ጨፈነ፣ ግራ እጁ ላይ እንደ ዶሮ ተቆናጠጠ። ከዚያም በቀጭን ድምፅ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ውሃውን ጭልጥ አደረገ። ዓይኑን ሲገልጥ በሕይወት አለ፤ ደስ አለው። አይዳ ግን ስለ ልምምድ የምታውቀው ነገር የለም፤ ብሩን ይዛ ሄዳለች። ሾፌሮቹም ተነስተው እየመረቁ ነው።

ዮፍታሔ፦ (በሹክሹክታ) ጥራት።

ላቀው፦ ማንን?

ዮፍታሔ፦ አይዳን ነዋ። ብሩን ይዛው ሄደች።

ላቀው፦ ከፈልክ እኮ።

ዮፍታሔ፦ ልምምድ ነው እኮ!

ላቀው፦ እሷም እየተለማመደች ይሆናላ።

ዮፍታሔ፦ ሄደህ ንገራት በቃ።

ላቀው፦ አንተ ለምን አትነግራትም?

ዮፍታሔ፦ ሰዎቹ መርቀውኝ? ተነስቼ የበላችሁትን ክፈሉ ልበላቸው? ሰው ምን ይለኛል?

ላቀው፦ ቆይ... ኪስ ያራግፋል ያልከኝ ይሄ አይደል?

(አይዳ ትመለሳለች።)

አይዳ፦ ጋሼ፣ ትንሽ ጎድሏል። ሾፌሮቹ አሁን አንድ ክትፎ ጨምረዋል።

ዮፍታሔ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ፈገግ እያለ ጨመረላት። ጥርሱን የሚያመው ሰው እንዲህ ነው ፈገግ የሚለው።

ጋሽ ቶማስ በዚህ መሃል ደረሰ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነው። እንደገና ታዘዘ፣ እንደገና ተበላ፤ ዮፍታሔ ብቻ አልጎረሰም። ላቀው ምግቡን እንደ ጭድ ነው ያላመጠው። የሚስቱ ዘመዶች ሁሉ፣ የሞቱትም ጭምር፣ ከኋላው ቆመው የሚያዩት መሰለው። ሂሳብ ሲጠራ ጋሽ ቶማስ ብድግ አለና እጁን ኮቱ ውስጥ ከተተ።

ቶማስ፦ በሞቴ ላቀው፣ ዛሬስ በኔ ነው።

ላቀው፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

(የጋሽ ቶማስ እጅ እንደገባ ቀረ።)

ቶማስ፦ እ... ማለቴ... አትታገለኝም እንዴ?

ላቀው ፊቱ እሳት ሆነ። ዞሮ ዮፍታሔን ቢያየው፣ ዮፍታሔ ጣሪያውን ያያል። እንግዲህ ከዚህ በላይ ማፈር የለም ብሎ እውነቱን ተናገረ።

ላቀው፦ አልታገልም ጋሼ። ኪሴ ያለው የሰው የድር መግዣ ነው። ዛሬ ካሸነፍኩህ ነገ አልሸምንም።

ጋሽ ቶማስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እጁን ሲያወጣ የያዘው የታክሲ ዝርዝር ብቻ ነበር። ከሠርጋችሁ ወዲህ የምሳ ብር ይዤ መጥቼ አላውቅም አለ፤ ሁሌም ላቀው እንደሚያሸንፍ ያውቃል፣ ሆኖም ላቀው ከደሃ ቤት አገባሁ እንዳይል ብሎ እሱም እየታገለ ሲምል ኖሯል። ሁለቱ ተያዩና ሳቁ፣ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ላቀው ከትከሻው ላይ ጆንያ የወረደለት ያህል ቀለለው። ከእንግዲህ ቤት ሽሮ እንበላለን ተባባሉ።

የዛሬው ሂሳብ ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ያኔ ኑሕ የሚባል ሾፌር ከጎረቤት ጠረጴዛ አይዳን ጠራና፣ ቅድም አክብረውናል፣ የነሱ በኛ ነው አላት። ላቀው አሁን ለምዶታል። ግራ እጁም ነፃ ነው።

ላቀው፦ እግዜር ይስጥልን ወንድሜ።

ዮፍታሔ፦ (ከወንበሩ ተስፈንጥሮ) ኧረ አይደረግም! እኔ እያለሁማ!

ኑሕ እጁን ያዘው፣ ዮፍታሔ አስለቀቀ። ኑሕ ማለ፣ ዮፍታሔ በላይ በላዩ ማለ። ጋሽ ቶማስ እንኳን እንዲህ ታግሎ አያውቅም። በመጨረሻ ዮፍታሔ አሸነፈ፤ ኪሱ ውስጥ ግን አንድ ብር ስላልነበረ፣ ስልኩን ለአይዳ በመያዣነት ትቶ ወጣ።

(መንገድ ላይ። ጋሽ ቶማስ ታክሲ ይዞ ሄዷል። ላቀው ድሩን ሊገዛ ወደ ሽሮ ሜዳ ይፈጥናል፤ ዮፍታሔ ከኋላው ባዶ ኪሱን እየዳበሰ ይከተላል።)

ዮፍታሔ፦ ሆን ብዬ ነው እኮ። እንዴት እንደማይደረግ ላሳይህ ብዬ ነው።

ላቀው፦ አውቃለሁ ወንድሜ። ግን እኔ በመጀመሪያው ገብቶኝ ነበር፤ ሁለተኛውን ምን አደከመህ?