ስልኩ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሲጠራ

ቤተሰብ፣ ዛሬ የሆንኩትን ሳልነግራችሁ ባድር እፈነዳለሁ!

ቁጭ በሉ። ቻርጅ ካላችሁ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ግን ልናዘዝ። አብዛኞቻችሁ ሥራዬን አታውቁም። "የት ነው የምትሠሪው?" ስትሉኝ "እ... የመንግሥት ቢሮ" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

መብራት ነው የምሠራው!

አዎ። ጋምቤላ። መብራት። ያውም ቅሬታ ተቀባይ!

በቃ፣ ስደቡኝና እንቀጥል።

መብራት ሲጠፋባችሁ ትደውሉ የለ? "ቴክኒሻን ልከናል፣ ትንሽ ይታገሱን" የምትላችሁ ያቺ ለስላሳ ድምፅ እኔ ነኝ። ተልኮ ያውቃል? አልፎ አልፎ። ግን "አላውቅም" ከምላችሁ ተስፋ ይዛችሁ ብትውሉ ይሻላል ብዬ ነው። ለራሴ የምነግራት ምክንያት ይቺ ነበረች።

የቢሮው መደበኛ ስልክ ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ የሚመጣው ጥሪ ሁሉ አንድ ሞባይል ላይ ይገባል። ሞባይሉ ደግሞ የትም ብሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ቤት ውስጥ ዱቄት አለቀ። ለኃላፊዬ በቴክስት "ሆዴን አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ደርሼ ልምጣ" ብዬ በቆሎዬን ባጃጅ ላይ ጫንኩና ወደ ሐጂ ሙደሲር ወፍጮ ቤት! ሐጂ ሰፈራችን ውስጥ ሱቅም ወፍጮም ያላቸው፣ ትልቁንም ትንሹንም "ልጄ" የሚሉ ሰው ናቸው።

ስደርስ ወፍጮው እያጓራ ነው። ከፊቴ አሥራ ምናምን ሴቶች አሉ። ተራ ያዝኩ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም።

ጭጭ!

ሐጂ ጣሪያውን አዩ፣ "ያ አላህ!" አሉ፣ ተቀመጡ። ከሰኞ ጀምሮ ሲሄድ ሲመጣ የሰነበተ መብራት ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። ሁሉም ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለ።

ጋምቤላን ለማታውቁ፦ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ረፋዱ ላይ፣ ያለ ማራገቢያ፣ ሰው ራሱ ይበስላል። ሙቀቱ ሲጨምር ስድቡ ተጀመረ።

"እነሱ ምን ቸገራቸው!"

"እኛን እዚህ ጠብሰው እነሱ ማቀዝቀዣ ሥር ተጋድመው!"

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ዝም ካልኩ ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁ።

"ኧረ እነሱ ሰው አይደሉም!" አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። ወደዱኝ! ሲወዱኝ ጊዜ ጨመርኩበት።

"በተለይ ያቺ ስልክ የምታነሳዋ! ውሸታም! አንድ ቀን ባገኛት እኮ!"

ራሴን ሰደብኩ! በሰው ፊት! ከልቤ!

አጠገቤ የተቀመጡት ማማ ኛኮር እጄን ጥብቅ አርገው ጨበጡኝ። ማማ ኛኮር ኑዌር ናቸው፣ ቁመታቸው እስከ በሩ ጉበን፤ አማርኛቸው ቁጥብ ነው፣ አንድ ቃል አያባክኑም።

"አንቺ ጎበዝ" አሉኝ። "እኔ አሁን እደውላለሁ። አንቺ ትሳደቢልኛለሽ።"

ስልካቸውን አወጡ።

ያ የቢሮ ሞባይል ቦርሳዬ ውስጥ ነው! ድምፁን አጥፍቼው ነበር ወይስ አላጠፋሁትም? ቦርሳዬን ብብቴ ውስጥ ጨመቅኩት።

አላጠፋሁትም።

ጠራ! በሙሉ ድምፅ! ያውም በመዝሙር!

ማማ ኛኮር ስልካቸውን አዩ። ቦርሳዬን አዩ። ስልካቸውን ዘጉት፤ ቦርሳዬ ዝም አለ። ደግመው ደወሉ፤ ቦርሳዬ ዘመረ።

"አንሺው" አሉኝ።

አሁን ያደረግኩትን ስነግራችሁ ሼር እንዳታደርጉት። አፌ ለምዶበት ነው መሰለኝ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩና፣ ፊት ለፊታቸው፣ ዓይናቸውን እያየሁ፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ ቴክኒሻን ልከናል፣ ትንሽ ይታገሱን።"

"የት አለ?" አሉ ማማ ኛኮር። በስልኩ።

መጀመሪያ ሐጂ ናቸው የሳቁት። ከዚያ ሴቶቹ በሙሉ። አንዷማ ከረጢቷ ላይ ተንጋለለች። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ፣ ወይ አለቀስኩ፤ ላቡ ስለበዛ አይለይም።

ማማ ኛኮር ብቻ አልሳቁም።

"ልጆቼ ከትናንት ጀምሮ ገንፎ የለም" አሉኝ። "እውነት ንገሪኝ።"

እዚህ ላይ ነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩት።

ነገርኳቸው። ማንም አልተላከም። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ፊውዝ የተቃጠለው ሰኞ ነው፤ ቴክኒሻናችን ኡኬሎ ለጊዜው በሽቦ አስሮት ነው እስከዛሬ ያለው። አዲስ ፊውዝ መጋዘን ውስጥ አለ። ለማውጣት ግን የኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል። ኃላፊው ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ስብሰባ ላይ ናቸው።

"የምን ስብሰባ?" አሉ ሐጂ።

ምን አለ ባልጠየቁኝ!

"የ... የደንበኞች እርካታ።"

ማማ ኛኮር ተነሡ። በቆሏቸውን አናታቸው ላይ አደረጉ።

"እንሂድ።"

ቤተሰብ፣ በአምስት ባጃጅ ሄድን! ሴቶቹ፣ ከረጢቶቹ፣ ሐጂ፣ እኔ። ቢሮው ግቢ ስንገባ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል። አዳራሹ ውስጥ ቅዝቃዜው ደስ ሲል! ኃላፊዬ ስክሪኑ ላይ የሆነ ቀስት እያሳዩ ነበር። ቀስቱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ከሴቶቹ ኋላ ተደብቄ ነበር። አልሠራም። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

"ሐኪም ቤት አልሄድሽም ነበር?"

"ሄጄ... ተሻለኝ" አልኩ። በቆሎ ታቅፌ!

ማማ ኛኮር ከረጢታቸውን የታሸገ ውሃ የተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ዷ! አደረጉት። ሁለት ውሃ ወደቀ።

"እናቴ፣ ስብሰባ ላይ እኮ ነን" አሉ ኃላፊዬ። "ቅሬታ ካለ ፎርም ሞልተው..."

"እርካታ የምትሉት የማን ነው?"

"የ... የደንበኛ ነዋ።"

"እኔ ደንበኛ ነኝ። ጠይቀኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ለመደበቅ ሳለ። ኃላፊዬ ማይኩን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው ያዛውራሉ።

ያኔ ኡኬሎ ከጥግ ተነሣ። ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ስብሰባ ላይ ሲናገር አይቼው አላውቅም። ዛሬም አልተናገረም። ሦስት ቀን ኪሱ ይዞት የዞረውን፣ በላብ የራሰ የዕቃ ማውጫ ፎርም ዘረጋና በቆሎው ላይ አስቀመጠው።

ኃላፊዬ ፈረሙ።

ሁለት ሰኮንድ! ሰፈር ሙሉ መብራት ሲሄድ ሲመጣበት የሰነበተው ለዚች ነው!

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጎማ ስለሌለው ኡኬሎ መሰላሉን በባጃጅ ይዞ ሄደ፤ መሰላሉ በግራም በቀኝም ወጥቶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ወፍጮው አጓራ። እልልታው ባሮ ማዶ ሳይሰማ አይቀርም!

የእኔስ ተራ? ማማ ኛኮር ፈረዱ፦ "አንቺ መጨረሻ።" ይግባኝ የለም። እስከ አሥር ተኩል ቆሜ የሰው ከረጢት ስሸከም ዋልኩ። ቤት ስገባ ጎረቤቴ በዱቄቱ ምክንያት አላወቀችኝም።

ገላዬን ታጥቤ ስልኬን ስከፍት ምን አየሁ? የመሥሪያ ቤታችን ገጽ ላይ ትኩስ ፖስት! "ከደንበኞች ጋር ገንቢ ውይይት ተካሄደ" ይላል። ፎቶው ላይ በቆሎ ታቅፌ፣ አፌን ከፍቼ፣ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ላይክ አርጌዋለሁ።

ወዲያው የኃላፊዬ ቴክስት ደረሰኝ፦ "ነገ ሁለት ሰዓት ቢሮዬ ነይ።" ኢሞጂ የለውም።

እሱን እያየሁ ሳለ ያ የቢሮ ስልክ ጠራ። ከሌላ ሰፈር የደወለ ሰውዬ ነው። "መብራት የለም። ሰው ልካችኋል?"

አፌ ተከፈተ። ያቺ ለስላሳ ድምፅ እስከ ጉሮሮዬ መጣች።

"አልላክንም" አልኩ። "ዛሬ የሚመጣም አይመስለኝም።"

ይሰድበኛል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩ።

"ተባረኪ እህቴ!" አለኝ። "በቃ ከሰል ላቀጣጥላ። ነገ የልጄ ምርቃት ነው፣ ከሰዓት ጀምሮ ካውያ ይዤ ቆሜ!"

ደስ ብሎት ዘጋው። እኔ ግን የተቀመጥኩበት ቀረሁ። ስንት ሰው ነው በእኔ ድምፅ ምክንያት ቀዝቃዛ ካውያ ይዞ የቆመው?

ለማንኛውም ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ጸልዩልኝ። ከተባረርኩ ሐጂ ተራ አስከባሪ እንደሚፈልጉ ሰምቻለሁ። ማማ ኛኮርን ምስክር አርጌ ላመልክት ነው።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትቀጥሩኝ ነበር?